ጥላ የሌለው ምስማር

ውሃው የፈላው በአርባ ሁለት ደቂቃ ነው። ይህን ቁጥር አሥራ አንድ ዓመት በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። አንዳንድ ዓመት ለዓይን እንዳይሰለች አርባ አንድ አደርገዋለሁ፤ አንዳንድ ዓመት አርባ ሦስት። ከዚያ አልፌ ሄጄ አላውቅም። ስሜ ውብሸት ገላግሌ ነው። በቆላ በር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዐሥረኛ ክፍል የተግባር ሳይንስ መምህር ነበርኩ። ዘንድሮ፣ በ2074 ዓ.ም.፣ ጡረታ ላይ ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ዕድሜዬ ደርሶ ነው እላለሁ።

ቆላ በር የባቡር ከተማ ናት። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ መስጊድ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን፤ ዙሪያውን ደግሞ ዓይን እስኪታክት ድረስ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የተነጠፈበት ሜዳ። እኔ ልጅ ሳለሁ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የቆርቆሮ በር በባዶ እጁ የሚነካ ሰው አልነበረም። ከአንዱ አጥር ጥግ ወደ ሌላው አጥር ጥግ እየዘለልን ነበር ትምህርት ቤት የምንደርሰው። ያን ፀሐይ ስንረግመው ነው ያደግነው።

ከዚያ ዳሱ መጣ። ዳስ የምንለው ከላይ ያለውን ነው። ዓለም እንዲቀዘቅዝ ተብሎ ከደመና በላይ የተረጨው ዱቄት ረጅም የፈረንጅ ስም አለው፤ የከተማችን ሰው ግን አንድ ማለዳ ሰማዩ እንደ አጓት ነጥቶ ሲያገኘው «ዳስ ተጣለብን» አለ፤ ስሙም በዚያው ጸና። የሠርግ ይሁን የለቅሶ ያኔ ማንም አልጠየቀም።

ሰው ይለምዳል። በርበሬ ሰሌን ላይ መድረቁን ተወ፤ አሁን በቀበሌው ማድረቂያ ማሽን ላይ በተራ ነው። የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ይፈጃል። በጥላቸው ሰዓት ይቆጥሩ የነበሩ ሽማግሌዎች እንደ ማንኛችንም መንገደኛ አስቁመው ይጠይቃሉ። ከዳሱ በኋላ የተወለዱትን ልጆች «ፀሐይ የት አለች?» ብትሏቸው ጣታቸውን ወደ አንድ ቦታ አይቀስሩም፤ መዳፋቸውን ዘርግተው በሰማዩ ሁሉ ላይ ያዞሩታል።

ሥርዓተ ትምህርቱ ግን ዳሱን አላየውም። የዐሥረኛ ክፍል ሦስተኛ ምዕራፍ እንደ ድሮው «የፀሐይ ምድጃ ንድፍና ሥራ» ነው። ተማሪው ምድጃውን ራሱ ይነድፋል፣ ራሱ ይሠራል፤ በሚያዝያ፣ በፈተናው ቀን፣ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያፈላል። ያፈላ ቴክኒክ ኮሌጅ ይገባል። ያላፈላ ረጅም መጥረጊያ ይሰጠውና ሜዳው ላይ የሰሌዳዎቹን አቧራ ሲጠርግ ይኖራል።

ይህን ምዕራፍ እወደው ነበር። ዛሬ ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም እውነት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ካርቶን እናሳድዳለን። ትልቅ ካርቶን፣ ውስጡ የሚገባ ትንሽ ካርቶን፣ በመካከላቸው ጭድ ወይም የተቦጫጨቀ አሮጌ ሹራብ፤ ከላይ መስታወት፤ ክዳኑ ከውስጥ በፎይል የተለበጠ፤ ድስቱ ከውጭ ጥቁር ቀለም የተቀባ። ፎይሉ እንዳይጨማደድ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብሎ ይታሻል። ዓመቱን ሙሉ ክፍል የሚረብሽ ልጅ እንኳ ማንኪያ ከያዘ በኋላ ድምፁ አይሰማም። ምድጃውን ወደ ፀሐይ የምናዞረው ደግሞ በምስማር ነበር። ክዳኑ ጠርዝ ላይ አንድ ምስማር ቀጥ አድርገን እናቆማለን። ምስማሩ ጥላ ከጣለ ምድጃው ገና ነው፤ ጥላው እያጠረ እያጠረ ሄዶ በራሱ ሥር ሲጠፋ ፊት ለፊት ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳሳያቸው በየዓመቱ ከአንዱ ጥግ «እንዴ!» የሚል ድምፅ ይወጣ ነበር። ለእኔ ደመወዜ ያ ነበር።

ዳሱ በተጣለ በመጀመሪያው ፈተና ሠላሳ አንድ ምድጃ ሜዳ ላይ ደረደርን።

«ቲቸር፣ የኔ ምስማር ጥላ የለውም» አለ አንዱ።

«የኔም የለውም።»

«የኔም።»

ዞር ብዬ አየሁ። ግማሹ ምድጃ ወደ ጣቢያው ዞሯል፣ ግማሹ ወደ መስጊዱ፤ አንዱ ጭራሽ ወደ ሽንት ቤቱ ግድግዳ። የአንዱም ምስማር ጥላ የለውም። እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ «እንግዲያው ሁላችሁም ትክክል ናችሁ» አልኩ። ልጆቹ ደስ አላቸው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠብቀን የተሻለው ድስት ሰባ አንድ ዲግሪ ደረሰና ቆመ። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በዘጠና ሰባት ነው። ርእሰ መምህሩ አቶ ልሳኑ እጁን ወደኋላ አጣምሮ መጣ። ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠርን፣ የልብ ወዳጄ ነው።

«ስንት ደረሰ?»

«ሰባ አንድ።»

«እና ምን ልትጽፍ ነው?»

«ሰባ አንድ ነዋ!»

«ስማኝ ውብሸት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰማዩን እነዚህ ልጆች ናቸው እንዴ ያበላሹት? ሠላሳ አንድ ልጅ መጥረጊያ ልታስይዝ ነው? የሚመለከተው አካል እስኪያስተካክለው ድረስ የአምናውን ጻፍ። ለዘንድሮ ብቻ ነው።»

የአምናው አርባ ሁለት ደቂቃ ነበር፤ የመጨረሻው እውነተኛ ፀሐይ ውጤት። ጻፍኩት። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ሪፖርቱ የሚሄደው ወደ ማዕከሉ ነው። ማዕከሉ ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። ይህን ባውቅም ልማድ ሆኖብኝ ሁልጊዜ «ለክቡራን» ብዬ እጀምር ነበር። የአገሩን ሪፖርት ሁሉ እሱ ያነባል፣ እሱ ያመዛዝናል፣ እሱ ይወስናል። ያነበበውን ያምናል። ሪፖርት ማሳመር የአገራችን የቆየ ሙያ መሆኑን የነገረው የለም፤ ከአለቃ ወደ አለቃ ሲወጣ ማንም የማያምነው ነገር እንደሆነ፣ ሁላችንም የምናውቀው ነገር እንደሆነ። እኛ እርስ በርስ እንግባባ ነበር። ከማዕከሉ ጋር ግን አልተግባባንም።

በሁለተኛው ዓመት የምስጋና ወረቀት መጣልን። አቶ ልሳኑ በመስታወት አስገብቶ የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለው። «አማካይ የማፍላት ጊዜ፦ 42 ደቂቃ» የሚለው በወርቃማ ቀለም ነው የተጻፈው።

በአምስተኛው ዓመት የማዕከሉ ውሳኔ መጣ። በየቤቱ በር አጠገብ ቋት የምንለው ነጭ ሣጥን ተሰቅሏል፤ ንጋት ላይ ጢጥ ይልና የዕለቱን የማብሰያ ኃይል ይሞላል። እንጨት ማንደድ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ከሰል የያዘ ሰው ይታሰራል። ስለዚህ የቤቱ እሳት ያ ሣጥን ነው። በአምስተኛው ዓመት አንድ ሰኞ የሁሉም ቋት ግማሽ ብቻ ሞልቶ ቆመ። ቆላ በር «ፀሐይዋ በቂ የሆነ ከተማ» ተብላ ተመዝግባለች። በምትኩ ለየቤቱ አንድ የፀሐይ ምድጃ ታደለ። ምድጃውን ገልብጬ አየሁት። የእኛ ንድፍ ነው፤ ምስማሩ እንኳ አልቀረም። በጎኑ የትምህርት ቤታችን ስም ታትሟል።

ሰው ምድጃውን ደጅ አወጣ። ሽሮው ለብ ብሎ ይወርዳል፤ ምስሩ ከጥርስ ሥር ይንቋቋል። የሚገርመው ማንም ምድጃውን አልጠረጠረም። በትምህርት ቤቱ አርባ ሁለት ደቂቃ የሚያፈላ ምድጃ እቤት ሲገባ ካላፈላ ጥፋቱ የባለቤቲቱ ነው። ባሎች ሚስቶቻቸውን፣ አማቶች ምራቶቻቸውን ማዞር አታውቂበትም እያሉ ነዘነዙ። በመጨረሻ ሴቶቹ ተሰብስበው እኔ ዘንድ መጡ፤ አስተምረን አሉኝ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃኝ። አምስት ዓመት የፈረምኩበትን ወረቀት፣ ልሳኑን፣ በዚያ ቁጥር ያለፉትን ልጆች አሰብኩና ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ቅዳሜ ቅዳሜ ኑ» አልኳቸው።

አሥራ ሁለት ቅዳሜ አስተማርኳቸው። ከሁሉም ጎበዟ ወይዘሮ ዘሀራ ነበረች። ጣቢያው ፊት ለፊት ምሳ ቤት ነበራት፤ የባቡር ሠራተኛ ሁሉ የሚበላው እሷ ጋ ነው። በንጽሕናዋ ትታወቅ ነበር፤ ሰው እጁን ሳይታጠብ ከተቀመጠ ሳህን አታወርድለትም። ባለመስመር ደብተር ገዝታ የምናገረውን ሁሉ ትጽፋለች። በሦስተኛው ቅዳሜ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የኔ ሲንተከተክ አይቼው አላውቅም። ምን ባጠፋ ነው?»

«የፀሐይ ምድጃ ቀስ ብሎ ነው የሚያበስለው» አልኳት። «ባይንተከተክም ይበስላል።»

ጎንበስ ብላ ጻፈችው።

ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ የማስተምረው አንድ ትምህርት ነበር፤ «ማፍላት ለምን ያስፈልጋል» የሚል። ዋናው ምሳሌው ቀይ ቦሎቄ ነው። ቀይ ቦሎቄ መርዝ አለው፤ መርዙ የሚሞተው ደህና አድርጎ ሲፈላ ብቻ ነው። በሰባና በሰማንያ ዲግሪ መካከል ሲሞቅ ከዋለ እንዲያውም ይብስበታል። ለሴቶቹ ይህን ትምህርት ዘለልኩት። ካነሳሁት «ታዲያ የኛ መቼ ነው የሚፈላው?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ወይዘሮ ዘሀራ ግማሹን ቋት ለወጡና ለሩዙ አብቃቅታ፣ ቦሎቄውን ለፀሐይ ምድጃው ሰጠችው። አንድ ሐሙስ እሷ ቤት ምሳ የበሉ አሥራ አራት ሰዎች በአንድ ከሰዓት ሲያስመልሱ ዋሉ። አሥራ ሦስቱ ዳኑ። የሐዲድ ጠባቂው ጋሽ ደነቀ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን አረፈ። የተላከው መርማሪ «የንጽሕና ጉድለት» ብሎ ጻፈ። ምሳ ቤቱ ታሸገ።

ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ንፍሮ ቀረበ። ስንዴው ጠንካራ ነበር፣ ሽምብራው ከውስጥ ጥሬ ነው። በድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድምፅ እንዳያሰማ እየተጠነቀቀ ያኝካል። ወይዘሮ ዘሀራ በር አጠገብ፣ መሬት ላይ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። የሟች ልጆች ቀና ብለው አላዩዋትም። እኔን ግን የክብር ቦታ ሰጡኝ፤ መምህር ነኝ። በዚያ ሰዓት ምን እንደገደለው የሚያውቅ ሰው በድንኳኑ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። እፍኝ ንፍሮዬን በላሁና ነፍስ ይማር ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አለፈ። በስድስቱም ዓመት ሁሉም ወረቀት ላይ አርባ ሁለት ጻፍኩ ልል ስል ትዝ ይለኛል፤ ሙሉ የሆነው በአምስቱ ብቻ ነው። በስድስተኛው አንድ ወረቀት ይጎድላል።

አምና የወይዘሮ ዘሀራ ልጅ ፈትያ ዐሥረኛ ክፍል ገባች። እናቷ ከምሳ ቤቱ በኋላ የባቡር ሠራተኞችን ልብስ እያጠበች ነበር የምታሳድጋት። ፈትያ ዝምተኛ ናት፤ ስትጠየቅ እንጂ አትናገርም። ምድጃዋን ግን እኔ ካስተማርኩት አልፋ ሠራችው። መስታወቱን ድርብ አደረገች፣ በአንድ ክዳን ፈንታ አራት ክንፍ ገጠመችለት፣ ጭዱን ትታ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ጥጥ ጠቀጠቀችበት። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲያ ያለ ምድጃ አላየሁም። ለአንድ ወር በየቀኑ ለክታ በደብተሯ ይዛለች።

አንድ ቀን ክፍሉ ሲወጣ ቀረች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ምስማሩ በየትም ቢዞር ጥላ ከሌለው፣ ወደ ፀሐይ መዞራችንን በምን እናውቃለን?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኳት፤ «በኋላ እንመለስበታለን።»

አልተመለስንበትም። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ አስተያየቷ ግን መልሱን ያገኘች ሰው አስተያየት ነበር።

የፈተናው ቀን ሠላሳ ምድጃ ተደረደረ። ወላጆች አጥሩን ይዘው ቆመዋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ የሌሎቹ ከስልሳ ስምንት እስከ ሰባ አንድ ደረሱ። የፈትያ ሰባ ስድስት ላይ ወጣ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ እንደሚደረገው የውጤት ወረቀታቸውን ባዶ አድርገው ፈርመው ሰጡኝ፤ ቁጥሩን መምህሩ ነው የሚሞላው። ፈትያ ሞልታ መጣች። «ከፍተኛ ሙቀት፦ 76። ውሃው አልፈላም» ይላል።

«ፈትያ፣ ይሄን ካስገባሁት ትወድቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ጎበዝ ልጅ ነሽ። ኮሌጅ መግባት አለብሽ። ለእናትሽም አስቢላት።»

«ለሷ አስቤ ነው ቲቸር።» ወረቀቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ነው። «ግድግዳው ላይ ያለው አርባ ሁለት… ያኔ የነበሩት ተማሪዎች ከኔ የተሻለ ምድጃ ነበራቸው?»

እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ አወጣሁ።

«እናቴ ቦሎቄውን ስትሠራ ስንት ዲግሪ ነበር?»

ሜዳው ላይ ሃያ ዘጠኝ ልጆች ድስታቸውን እየደፉ ይሳሳቃሉ። ፈትያ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ቢሆንልኝ ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር።

«ይፈርሙልኛል?» አለች።

«እፈርማለሁ» አልኩ፤ ፈረምኩላትም።

ውሸቱን እዚያ ላይ አቁሜ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ የምጽፈው በሌላ ልብ ነበር። ሃያ ዘጠኙ ወረቀቶች ባዶ ሆነው እጄ ላይ ነበሩ። ሠላሳውንም በእውነቱ ቁጥር ሞልቼ ብልክ ማዕከሉ አንድ ከተማ ሙሉ ሲለወጥ ያይ ነበር፤ ቢያንስ ለመመርመር ሰው ይልክ ነበር። አቶ ልሳኑ ግን ክንዴን ያዘኝ። «እሷ ራሷ መርጣ ነው፤ ሌሎቹ አልመረጡም» አለኝ። አጥሩን ወደያዙት ወላጆች አየሁ። አንዲት እናት በእጇ ሰላም አለችኝ። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ አርባ ሁለት ጻፍኩ።

ውጤቱ በአሥረኛው ቀን መጣ። ሃያ ዘጠኙ «እጅግ በጣም ጥሩ»። «ተማሪ ፈትያ አደም፦ አልተሳካም። ምክንያት፦ የግንባታ ጉድለት።» በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከተሠሩት ሁሉ ምርጡ ምድጃ ያ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ፈትያን መጥረጊያ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ሜዳው ስትሄድ አገኘኋት። «ደህና አደሩ ቲቸር» ብላ አለፈች። እቤቴ ተመልሼ ለማዕከሉ ጻፍኩ። «ለክቡራን» አላልኩም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያለውን ሁሉ፣ ልሳኑን ሳልጨምር የራሴን ብቻ፣ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ። መልሱ ሻይ እስኪቀዳ እንኳ አልቆየም። «የቆላ በር የፀሐይ መጠን በአሥራ አንድ ዓመት ወጥ ማስረጃ የተረጋገጠ ነው። የተለየ ውጤት ያቀረበችው አንዲት ተማሪ ብቻ ስትሆን በግንባታ ጉድለት ተመዝግባለች። ስለ ትጋትዎ እናመሰግናለን።» ሁለተኛ ጻፍኩ፤ ያንኑ መለሰ። በሦስተኛው የጡረታ ማስታወቂያዬ ተያይዞ መጣ።

ያኔ ነው ወደ ወይዘሮ ዘሀራ ቤት የሄድኩት። መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ እዚያ ነበር።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ግቢው በገመድ ላይ በተሰጣ የሠራተኛ ልብስ ተሞልቷል። የታደላት ምድጃ ጥግ ላይ አለ፤ መስታወቱ ወጥቶ ዶሮ ታቅፋበታለች። ወይዘሮ ዘሀራ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጣች።

«መምህር! ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ እንጂ። ሻይ እንዳላፈላ ቋቱ ከጠዋት ነው ያለቀው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላምጣ።»

«አያምጡ፣ ይቀመጡ» አልኳት። «የመጣሁት ጥፋቴን ልነግርዎት ነው።»

ነገርኳት። የመጀመሪያውን ሰባ አንድ፣ አርባ ሁለቱን፣ ቅዳሜዎቹን፣ የዘለልኩትን የቦሎቄ ትምህርት፣ ለቅሶው ላይ የበላሁትን ንፍሮ፣ የፈትያን ወረቀት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ተነሥታ ገባችና አንድ ደብተር ይዛ ወጣች። ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ ባለመስመር ደብተር ነው።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሳነበው ነው የኖርኩት» አለች። ድምፏ ደረቅ ነበር። «የቱ ጋ ነው የሳትኩት እያልኩ። መስታወቱን አጥቤያለሁ። ቦሎቄውን አሳድሬ ዘፍዝፌያለሁ። ክዳኑን አልከፈትኩም። እጄን ታጥቤያለሁ መምህር። ጋሽ ደነቀን የገደልኩት የቱን ባጠፋ ነው እያልኩ።»

«አላጠፉም ወይዘሮ ዘሀራ። አንድም አላጠፉም።»

«በአፍ አይሆንም። መምህር አይደሉ? ይረሙልኝ።»

ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሴ ጠፍቶ አያውቅም፤ ጡረታ ወጥቼም አብሮኝ ነው። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። ገጽ በገጽ አነበብኩ። የካርቶኑ ልክ፣ ትክክል። የፎይሉ አለባበስ፣ ትክክል። የድስቱ ቀለም፣ ትክክል። ሥዕሎቿ ከእኔ ሥዕሎች ያምሩ ነበር። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ስደርስ «ባይንተከተክም ይበስላል» የሚለውን አገኘሁት፤ ሁለት ጊዜ አሥምራበታለች። በደብተሩ ውስጥ ያለው ስህተት ያ ብቻ ነበር፤ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። ኤክስ አደረግሁበትና ከጎኑ ስሜን ጻፍኩ።

የመጨረሻው ገጽ የቤት ሥራ ነበር። ከመጽሐፉ እንዳለ ነበር ያስጻፍኳቸው። «አንድ ሊትር ውሃ ምድጃው ውስጥ አስቀምጡ። ውሃው የፈላበት ጊዜ፦» ሌሎቹ ሴቶች ያኔ ልጆቻቸውን ጠይቀው ሁሉም አርባ ሁለት ሞልተው ነበር የመጡት። የወይዘሮ ዘሀራ ባዶ ነው። ስድስት ዓመት ባዶ ሆኖ ቆይቷል።

«ሌላ ሰው የጻፈውን መጻፍ አፈርኩ» አለች። «የኔ እስኪፈላ ልጠብቅ ብዬ ነው የተውኩት።»

በባዶው ቦታ «አልፈላም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ፣ ቀኑን አደረግሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያልጻፍኩት ይህችን አንዲት ቃል ነው፤ ሕፃን ልጅ የሚጽፋት ቃል።

ደብተሩን ተቀብላ አነበበችው። ይቅርታ እንድትለኝ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ ሰው ጥፋቱን ሲናገር ይህን ይጠብቃል። አላለችኝም። ሻሿን አስተካክላ ጫማዋን አደረገች፣ ደብተሩን መልሳ እጄ ላይ አኖረችው።

«እንግዲህ ይነሱ» አለች። «የጋሽ ደነቀ ልጆች እቤት ናቸው፤ እሑድ አይወጡም።»

ተከትያት ወጣሁ። በመንገዱ ላይ ሃያ ዘጠኙ ያለፉት ልጆች ወላጆች ሰላም ይሉኛል፤ እሷን ያልፏታል። የጋሽ ደነቀ ቤት ስንደርስ እሷ ከአጥሩ አጠገብ ቆመች፤ ስድስት ዓመት ያን ደጃፍ ረግጣው አታውቅም።

በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።